ጥያቄ ይዞ መውጣት

መጻፍ የጀመሩ ወጣቶች አዘውትረው የሚጠይቁኝ «ሐሳብ ከየት ያገኛሉ?» እያሉ ነው። ብዙዎቹ ስለ ሌሊት ጸጥታ ወይም ስለ ክረምት ዝናብ የምነግራቸው ይመስላቸዋል። ሙያው ያስተማረኝ ግን ሌላ ነው። ሐሳብ የሚገኘው ሰዎች ሥራቸውን ሲሠሩ ተጠግቶ በማየት ነው፤ ለማየት ደግሞ አስቀድሞ ያልተፈታ ጥያቄ መያዝ ያስፈልጋል። ጥያቄ ያልያዘ ሰው ሥዕል አይቶ፣ ሙዚቃ ሰምቶ፣ መጽሐፍ አንብቦ ተደስቶ ይመለሳል። ጥያቄ የያዘ ግን ከዚያው ቦታ ለሥራው የሚሆነውን ይዞ ይወጣል።

ይህን ከምንም በላይ ያስረዳኝ የዶክተር አክሊሉ ለማ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 አክሊሉ ዓድዋ ላይ ብልሃርዚያን ያጠኑ ነበር። የበሽታው ትል ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት የሚያድገው በውኃ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ስለሆነ ዓይናቸው ከቀንድ አውጣ ላይ አይነሳም። ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ ከሌላው የወንዙ ክፍል ይልቅ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። እንዶድ ከጥንት ጀምሮ የአገሩን ነጠላና ጋቢ ሲያነጣ የኖረ ነው፤ አረፋውን ከእሳቸው በፊት ስንቱ አይቶት አልፏል! አክሊሉ ግን ጥያቄ ይዘው ነበርና ቆሙ። ከአጣቢዎቹ አንዷን ጠይቀው አረፋውን ሕይወት ያላቸው ቀንድ አውጣዎች ወዳሉበት ዕቃ አስጨመሩ፤ ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። ከዚያ በኋላ የተከተለው የዓመታት ምርምር፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የተቀበሉት የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትም ቢሆን፣ መነሻው ያ የወንዝ ዳር ሙከራ ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ወስጃለሁ። አንደኛው፣ ያዩትን ወዲያው መፈተን ነው። አክሊሉ «ደስ የሚል ሐሳብ መጣልኝ» ብለው ማስታወሻ ደብተር ላይ አልተዉትም። ሁለተኛው፣ የግኝቱ ግማሽ በአጣቢዎቹ እጅ የነበረ መሆኑ ነው። ሳይንቲስቱ ጥያቄውን አመጡ፤ ማኅበረሰቡ በእንዶድ ማጠብን ለዘመናት ጠብቆ አቆየ። አንዱ ያለ ሌላው ምንም ባልሆነ ነበር።

ሂፕ ሆፕም የተወለደው በእንዲህ ዓይነቱ ማየት ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 1973 ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ፣ በሴጅዊክ ጎዳና ቁጥር 1520 ሕንፃ የጋራ አዳራሽ፣ ሲንዲ ካምቤል የምትባል ወጣት ለትምህርት መክፈቻ ልብስ የምትገዛበት ገንዘብ ለማግኘት የጭፈራ ምሽት አዘጋጀች። ሸክላ የሚያጫውተው ከጃማይካ የመጣው ወንድሟ ክላይቭ፣ በመድረክ ስሙ ዲጄ ኩል ሄርክ ነበር። ሄርክ ሲያጫውት ዓይኑ ከጨፋሪዎቹ ላይ ነው። ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ለብቻው የሚቀርበት አጭር ክፍል ሲደርስ አዳራሹ እንደሚነቃ፣ ብዙዎቹም ያንን ብቻ እየጠበቁ እንደሚቆሙ አስተዋለ። ያ ክፍል ግን ገና ሲሞቅ ያልፋል። ሄርክ አንድ ዓይነት ሁለት ሸክላ በሁለት ማጫወቻ ላይ አደረገ፤ በአንዱ ከበሮው ሲያልቅ በሌላው ከመጀመሪያው ያስነሳዋል፣ ያኛውን ደግሞ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ሴኮንዶች የነበሩት ደቂቃዎች ሆኑ። አዲስ ዜማ አልደረሰም፣ አዲስ መሣሪያም አልፈለሰፈም። ሰው የሚወድደውን ቦታ ለይቶ አስረዘመው።

ለጸሐፊ ከዚህ የበለጠ ቀጥተኛ ትምህርት የለም። ረቂቄን ለሰው ሳነብ ከወረቀቱ ይልቅ አድማጬን አያለሁ። ስልኩን የሚያስቀምጥበት፣ ጠጋ የሚልበት፣ «እንዴት?» ብሎ የሚያቋርጠኝ ቦታ አለ። ያ ቦታ ብዙ ጊዜ የተጠበብኩበት መግቢያ ሳይሆን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፍኩት ዝርዝር ነው። ስለ እህል በረንዳ የጻፍኩትን ሳነብ አድማጮቼ የዋጋውን ትንተና በጨዋነት ሰሙ፤ ነጋዴዋ ጤፉን በመዳፏ ዘግና፣ እፍ ብላ፣ ከየት አገር እንደመጣ የምትናገርበት መስመር ላይ ስደርስ ግን ሁሉም ቀና አሉ። መስመሩን ወደ አንድ ገጽ አሳደግኩት፤ ከትንተናው ግማሹን ቀነስኩ።

ጆሮዬን የገራው ወጋየሁ ንጋቱ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» በእሱ ትረካ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲሰማ፣ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሁሉ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ወዳጅ ሆነ። እኔ ትረካውን ያዳመጥኩት በአንድ ጥያቄ ነው፦ የሐዲስ ረጅም ዓረፍተ ነገር ለምን አያደክምም? ስሰማው ገባኝ። በየሐረጉ መጨረሻ ለተራኪው ማረፊያ ተዘጋጅቶለታል፤ ሐሳቡ ሳይበጠስ ትንፋሹ ይታደሳል። ከዚያ ወዲህ ጮክ ብዬ ሳላነብ ከእጄ የሚወጣ ጽሑፍ የለም።

ከሠዓሊ ኤልያስ ስሜ የተማርኩት ርቀትን ነው። ኤልያስ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችንና ከአሮጌ ኮምፒውተሮች የወጡ ክፍሎችን ከመርካቶ እየገዛ ግድግዳ የሚሸፍኑ ሥራዎች ይሠራል። ከሩቅ ሲታዩ ከአውሮፕላን የተቃኘ ማሳና ከተማ ይመስላሉ፤ ሲቀርቡ እያንዳንዱ ሽቦ በእጅ ተገምዶ የተሰካ ነው። ከሩቁም ከቅርቡም ዓይን የሚይዝ ጽሑፍ እንዴት ይጻፋል? አንባቢው ሲጨርስ አንድ ግልጽ ነገር ይዞ መሄድ አለበት፤ ተመልሶ አንዷን ዓረፍተ ነገር ለብቻዋ ቢያነሳትም ተሠርታ ማግኘት አለበት። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚያሟላ ረቂቅ ወደ ጠረጴዛዬ ይመለሳል።

ይህ ሁሉ መውሰድ ድንበር ያስፈልገዋል፤ ድንበሩን ያበጁልን የቅኔ ጉባኤዎች ናቸው። ተማሪው ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ከዚያም መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ቅኔው የሚመሠረትበት የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ የሁሉም ነው፤ ልኩም የታወቀ ነው፣ ለምሳሌ ጉባኤ ቃና የሚባለው የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት ብቻ ነው። የጓደኛን ቅኔ እንደ ራስ አድርጎ ማቅረብ ግን ነውር ነው። የሚገርመው፣ ራፐሮችም ይህንኑ ሕግ ያውቃሉ። ከድሮ ሸክላ ቆርጦ አዲስ ሥራ መሥራት ጥበባቸው ነው፤ የሌላውን ግጥም መንጠቅ ግን ያስንቃል። ናስና ዴሚያን ማርሊ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት አልበም መክፈቻ ላይ የሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ይሰማል። ሙላቱ ራሱ በለንደንና በቦስተን የተማረውን ጃዝ ከአገሩ ቅኝቶች ጋር ያዋሐደ ነው። ከእሱ የወሰዱትም የራሳቸውን ቃል ጨመሩበት። እንዲህ ሲሆን መውሰድ የምንጩን ስም ያሰፋል።

የእኔም ደንብ ይኸው ነው። አሠራሩን እወስዳለሁ፣ ቃሉን እተዋለሁ፣ ያስተማረኝን በስሙ እጠራለሁ። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ ከሰው ያገኘሁትን ለሰጠኝ ሰው መልሼ አነባለሁ። የእህል በረንዳዋ ነጋዴ ሰምታ «ልክ ነው» ካላለች ያ ጽሑፍ አላለቀም። «እሱስ እንዲህ አይደለም» ካለችኝም እርማቷን በጥንቃቄ እጽፈዋለሁ፤ ለሚቀጥለው ሥራዬ ይዤው የምወጣው ጥያቄ እሱ ነውና።