እንዶድና የሚዛኑ ነገር

የባሕል መድኃኒቶችን አዘገጃጀት ወጥ ለማድረግ የሚቀርቡ ሐሳቦች አብዛኛውን ጊዜ ከሚዛን ይነሣሉ፤ ከሚዛንም አያልፉም። እፍኙ በግራም፣ ስኒው በሚሊ ሊትር ከተተካ ሥራው ያለቀ ይመስላል። ይህ አስተሳሰብ ጎዶሎ መሆኑን እንዶድ ያስረዳል።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ፣ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ካዩ በኋላ ብዙ ምርምር ተደርጓል። የተፈጨው ደረቅ ፍሬ በውኃ ሲዘፈዘፍ፣ በፍሬው ውስጥ ያለ ኢንዛይም ሳፖኒኑን ቀንድ አውጣ ወደሚገድል ዓይነት ይለውጠዋል። በሜታኖል ሲወጣ ግን ኢንዛይሙ ስለማይሠራ ሳፖኒኑ ያን ኃይል አያገኝም። በግራም እኩል ከሆነ ፍሬ አንዱ ዝግጅት ገዳይ፣ ሌላው ከንቱ ሆነ ማለት ነው። አጣቢዎቹ እናቶች፣ ማንም ሳይጽፍላቸው፣ ትክክለኛውን ዘዴ ይዘው ኖረዋል። ዝርያውም ለውጥ ያመጣል፤ 44 የተባለው ዓይነት የተመረጠው በብርታቱ ነው።

ነገሩ ለፎገራ ሩቅ አይደለም። በወረታ ዙሪያ ገበሬው ሩዙን ውኃ ውስጥ ቆሞ ያርማል፤ ቢልሃርዚያም በአካባቢው አለ። ይሁን እንጂ እንዶድ ዓሣንም ይገድላል፤ ርብና ጉማራ ደግሞ የጣና ዓሦች በክረምት ሽቅብ ወጥተው እንቁላል የሚጥሉባቸው ወንዞች ናቸው። ኃይሉ ያልታወቀ ዝግጅት እዚያ ቢጨመር ጉዳቱ ከጥቅሙ ሊበልጥ ይችላል። ይኸው ተክል ለማስወረድና ለእብድ ውሻ በሽታ በአፍ እንደሚወሰድ ሲታሰብ ደግሞ አሳሳቢነቱ ይብሳል። የጤና ሠራተኛው «ምን ያህል ጠጡ?» ብሎ ከማለፍ ይልቅ፣ እርጥብ ነበር ወይስ ደረቅ፣ በምን ተዘፈዘፈ፣ ስንት ሰዓት ቆየ ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል።