በዘይት ውስጥ የሚሠራ ወረቀት

የባጃጅ ወይም የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን ሲፈታ በየተራ የተደራረቡ ዲስኮች ይወጣሉ፤ አንዱ ባለ ሸራ፣ ቀጣዩ ባዶ ብረት። መካኒኩ ሸራውን በጨርቅ ጠርጎ ውፍረቱን ይለካል። አዲሱ ዲስክ ከነብረቱ አብዛኛውን ጊዜ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ላይ ጥቂት አሥረኛ ሚሊ ሜትር ከጎደለ ዘመኑ አልቋል። እኔን ግን ይበልጥ የሚስበኝ ፊቱ ነው። ጥበቡ ያለው እዚያ ነው።

በአውቶማቲክ ካምቢዮም ሆነ በብዙ ሞተር ሳይክሎች ይህ ሸራ የሚሠራው እንደ ወረቀት ነው። የእንጨት ወይም የጥጥ ቃጫ፣ ሙቀት የሚችል የአራሚድ ክር፣ ግራፋይትና የዲያቶም አፈር አብረው በውኃ ይበጠበጣሉ፤ ውኃው በወንፊት ይወርድና ስስ ንጣፍ ይቀራል። ንጣፉ ሲደርቅ ፌኖሊክ ሙጫ ይጠጣል፣ በሙቀት ይጠነክራል፣ ከዚያ በብረቱ ላይ ይጣበቃል። የዲያቶም አፈር በዓይን የማይታዩ የውኃ ሕያዋን ቅርፊት ነው (በእኛም ስምጥ ሸለቆ፣ በአዳሚ ቱሉ በኩል ክምችቱ አለ)፤ እያንዳንዱ ቅርፊት ራሱ በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ነው። ሥራው ሲያልቅ ከሸራው ብዙ ጊዜ ግማሽ ያህሉ ባዶ ቀዳዳ ይሆናል። ሠሪው ለዚያ ባዶ ቦታ የሚጠነቀቀው ለቃጫው ከሚጠነቀቀው አያንስም።

ምክንያቱም ዲስኮቹ በዘይት ውስጥ ስለሚሠሩ፣ ነጂው ፍሪሲዮኑን ሲለቅ የሸራውና የባዶው ብረት ፊቶች ከመነካካታቸው በፊት በመካከላቸው ያለው ዘይት መውጣት አለበት። መውጫው በሸራው ላይ የተቀረጹት ቦዮችና እነዚያ ቀዳዳዎች ናቸው። ዘይቱ ከሸሸም በኋላ ሙሉ ፊት ከሙሉ ፊት አይገናኝም። ቦውደንና ታቦር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1939 በኬምብሪጅ እንዳሳዩት፣ ሁለት ጠጣር ገጾች በእርግጥ የሚነካኩት በጥቂት ጉብታዎች ጫፍ ብቻ ነው። በአዲስ ሸራ ላይ እነዚህ ጫፎች ብድግ ያሉት ቃጫዎች ናቸው።

ድንቁ ነገር ከዚህ በኋላ ይመጣል። ጥቂት የሠራ ሸራ በማጉያ መነጽር ሲታይ፣ የቃጫዎቹ አናት ተፍቆ ትናንሽ የሚያብረቀርቁ ደሴቶች ሠርቷል፤ በመካከላቸው ያሉት ጥቁር ቀዳዳዎች ግን አሁንም ክፍት ናቸው። የሚነካካው ቦታ ሰፍቷል፣ በጥቂት ጫፎች ላይ ተከማችቶ የነበረው ሙቀትም ተከፋፍሏል፤ አያያዙ ከአዲሱ ይልቅ የረጋ ነው። የላይኛው ቃጫ ሲያልቅ ከሥሩ ሌላ ቃጫ ከነቀዳዳው ብቅ ይላል። መፋቅን አስቀድሞ አስልቶ፣ ዕቃው እየተፋቀ እንዲሻሻል አድርጎ መሥራት፣ ለእኔ ከፍ ያለ ሙያ ነው።

ግን የመነካካት መብዛት ሁሉ መልካም አይደለም። ሙቀት ሲደጋገም ሙጫው ይከስላል፣ የተቃጠለ ዘይት ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፣ ደሴቶቹ ተያይዘው አንድ ልሙጥ ሜዳ ይሆናሉ። ይህ ፊት ከሁሉም ይበልጥ ያምራል፣ ከሁሉም ይበልጥ ይነካካል፤ ዘይቱ ግን መሸሻ ስለሌለው አያያዙ ይከዳል። በጤናማ ሸራ ላይ የመንሸራተቱ ፍጥነት ሲቀንስ ሰበቃውም በመጠኑ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ዲስኮቹ በለስላሳው ይያያዛሉ። በተደፈነው ላይ ነገሩ ሊገለበጥ ይችላል፤ ፍጥነቱ ሲወርድ ሰበቃው ይጨምራል፣ ዲስኮቹ ያዝ ለቀቅ ይላሉ፣ መኪናው ይንቀጠቀጣል። ወፍጮ ሲለሰልስ ይወቀራል፤ ይህን ሸራ ግን በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ከላይ ሻካራ ያስመስለዋል እንጂ ቀዳዳዎቹን የደፈነውን ቅሪት አያወጣም።

ዘይቱም የዚሁ ሥራ አካል ነው። በአንዳንድ የመኪና ሞተር ዘይቶች ውስጥ ነዳጅ ለመቆጠብ የሚጨመር ሰበቃ ቀናሽ ኬሚካል በቃጫዎቹ አናት ላይ ተለጥፎ፣ ደህናውን ሸራ እንኳ ያንሸራትተዋል። ፍሪሲዮናቸው በሞተሩ ዘይት ውስጥ ለሚዞር ሞተር ሳይክሎች ጃሶ ኤም ኤ የተባለ የጃፓን ደረጃ የወጣው ለዚህ ነው፤ ጽሑፉ በዘይቱ ዕቃ ላይ ይገኛል፣ ከመግዛት በፊት ቢነበብ ይጠቅማል።