ቱቦውና ወንዙ፦ «በካይ ይክፈል» የሚለው መርህ በቦርከና ተፋሰስ ሲፈተሽ

ደሴን መሃል ለመሃል አቋርጦ የሚያልፈው ቦርከና ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ እስኪደርስ 600 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወርዳል። እዚያም የፋብሪካ ፍሳሽ የሚቀበሉት የለዮሌና የወርቃ ውሃ ይቀላቀለዋል፤ ከዚያ ጨፋ ረግረግ ላይ ይንጣለልና ወደ አዋሽ ያቀናል። በዚህ አጭር ጉዞ ከተማው ጥራጊውንና እጥበቱን፣ ገበሬው አፈሩንና ማዳበሪያውን፣ ፋብሪካው ኬሚካሉን ያሸክመዋል። የአካባቢ ሕጋችን ለዚህ ሁሉ ያዘጋጀው ዋነኛ መልስ «በካይ ይክፈል» የሚለው መርህ ነው። ይህ ጽሑፍ መርሁን አይቃወምም። የሚሞግተው መርሁ የሚተገበርበትን መለኪያ ነው፤ ሕጉ የሚያየው ከፋብሪካው የሚወጣውን ቱቦ ሲሆን ጉዳቱ የሚያርፈው ግን ወንዙ ላይ ነው። ስሌቱ ከወንዙ እስካልጀመረ ድረስ በቦርከና ተፋሰስ ማን ምን ያህል እንደበከለ ማስረዳት፣ በካዩንም ማስከፈል አይቻልም።

የመርሁ ሐሳብ ከኢኮኖሚ ሊቃውንት የመጣ ነው። እንግሊዛዊው አርተር ፒጉ በ1920 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ አምራች በሌላው ላይ የሚጥለው ጉዳት በራሱ ሒሳብ ውስጥ ካልገባ ገበያው የተሳሳተ ዋጋ እንደሚያወጣ አሳየ። የበለጸጉት አገሮች ድርጅት ኦኢሲዲ በ1972 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን የፖሊሲ መርህ አደረገው፤ የ1992ቱ የሪዮ መግለጫም በ16ኛው መርሁ አጸናው። ወደ እኛ ሲመጣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢን የሁሉም ሰው መብት አደረገ። በ1989 ዓ.ም. የጸደቀው የአካባቢ ፖሊሲ መርሁን ከጥንቃቄ መርህ ጋር አጣምሮ ተቀበለ፤ የብክለት መከላከያ ማበጀትንም በፋብሪካዎች ብቻ ሳይሆን በማዘጋጃ ቤቶችና በወረዳ ምክር ቤቶች ላይ ጭምር ጣለ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲሸፍን አስገደደ። በወረቀት ደረጃ ብዙ የጎደለ ነገር የለም።

ወረቀቱ መሬት ሲነካ ምን እንደሚመስል እስክንድር ዝናቡና ባልደረቦቹ በ2005 እና በ2006 ዓ.ም. ክረምት ኮምቦልቻ ላይ ያካሄዱት ልኬት ያሳያል። ተመራማሪዎቹ የቆዳ፣ የብረታ ብረት፣ የቢራ፣ የጨርቃ ጨርቅና የሥጋ ማቀነባበሪያ ፋብሪካዎችን ፍሳሽ መርምረዋል። ቆዳ ሲለፋ በሚሽከረከር ትልቅ ከበሮ ውስጥ ከክሮምየም ጨው ጋር ለሰዓታት ይገላበጣል፤ ሲወጣ ሰማያዊ መልክ ይይዛል። ጨው ግን ሁሉም ቆዳው ውስጥ አይሰርግም፤ በተለመደው አሠራር ሲሶ ያህሉ ውሃው ውስጥ ይቀራል። የጣሪያ ቆርቆሮ ዝገት እንዳይበላው የሚለብሰው ዚንክም እንዲሁ በእጥበቱ ያመልጣል። በጥናቱ ውጤት መሠረት የቆዳ ፋብሪካው ፍሳሽ መካከለኛ (ሚዲያን) የክሮምየም መጠን በሊትር 26,600 ማይክሮግራም ደረሰ፤ የብረታ ብረቱ ፍሳሽ የዚንክ መጠን ደግሞ 155,750። ሁለቱም ከኢትዮጵያም ከአሜሪካም የልቀት ደረጃ እጅግ የራቁ ናቸው። ለዮሌ ውስጥ ፍሳሹ ከሚቀላቀልበት በላይ 51 ማይክሮግራም የነበረው ክሮምየም፣ ከቆዳ ፋብሪካው በታች 2,660 ሆነ፤ 52 እጥፍ ማለት ነው። ይህ ሁሉ የተለካው ወንዙ ሞልቶ ፍሳሹን በሚያቀጥንበት በክረምት ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት ጽንሰ ሐሳቦችን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ክምችት ነው፤ በአንድ ሊትር ፍሳሽ ውስጥ ያለው የበካይ መጠን ማለት ነው። ሁለተኛው ጭነት ነው፤ በቀን ወይም በዓመት ወንዙ ውስጥ የሚገባው ጠቅላላ ግራም ወይም ኪሎ። የልቀት ደረጃዎቻችን በአብዛኛው የሚናገሩት በክምችት ቋንቋ ነው። አንድ ፋብሪካ ፍሳሹን በእኩል መጠን ንጹሕ ውሃ ቢበርዘው ክምችቱ በግማሽ ይወርዳል፣ ወንዙ የሚቀበለው ክሮምየም ግን አንድ ግራም አይቀንስም። ሦስት ፋብሪካዎች እያንዳንዳቸው ደረጃውን አክብረው በአንድ ደካማ ወንዝ ላይ ቢለቁም ሕጉ አልተጣሰም፤ ወንዙ ግን ሊሞት ይችላል። የበካዩ ባሕርይም ለውጥ ያመጣል። የቢራና የሥጋ ፋብሪካ ፍሳሽ ውስጥ ያለውን ቅሪት ተዋሕስያን ኦክስጅን እየተጠቀሙ ያፈርሱታል፤ ወንዙ ጊዜና በቂ ውሃ ካገኘ ራሱን ያጠራል። ክሮምየምና ዚንክ ግን አይፈርሱም። ደለል ላይ ይጣበቃሉ፣ በጎርፍ ይነሣሉ፣ ውሃው ፍጥነቱን በሚቀንስበት ቦታ ይዘቅጣሉ። ቦርከና ፍጥነቱን የሚቀንሰው ጨፋ ላይ ነው፤ ጨፋ ደግሞ በበጋ የአካባቢው ከብት አርቢና የአፋር ዘላን መንጋውን የሚያሰማራበት ሣር ነው።

ከፋብሪካው ውጭ ያለው ብክለት ነገሩን ያከብደዋል። የአካባቢ ሳይንስ ከአንድ ቱቦ የሚወጣውን ነጥባዊ ምንጭ፣ ከማሳ፣ ከመንገድና ከመንደር በየአቅጣጫው የሚፈሰውን ደግሞ የተበታተነ ምንጭ ይለዋል። እነዚሁ ተመራማሪዎች በኮምቦልቻ አካባቢ ወንዞች ስለሚጓዘው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ባደረጉት ሌላ ጥናት ሁለቱንም ምንጮች አብረው የመረመሩት በዚሁ ምክንያት ነው። ተራራ ላይ የተቆረቆረችው ደሴ ፍሳሿን ሁሉ በቱቦ ሰብስቦ ወደ ማጣሪያ የሚያደርስ መረብ የላትም፤ የከተማዋ ጥግ ሁሉ የሚያዘነብለው ወደ ቦርከና ነው። ታዲያ በካዩ ማን ነው? ቤቱ ነው፣ ማዘጋጃ ቤቱ ነው ወይስ ፋብሪካው? ጥያቄው ከቱቦ አንጻር መልስ የለውም፤ ከተፋሰስ አንጻር ግን አለው። አገሪቱ ደግሞ ተፋሰስን የማታውቅ አይደለችም። የውሃ ሀብት ሕጋችን በአዋጅ ቁጥር 197/1992፣ የተፋሰስ ምክር ቤቶችንና ባለሥልጣናትን በሚመለከትም በአዋጅ ቁጥር 534/1999 ውሃን በተፋሰስ ማስተዳደርን ተቀብሏል። የጎደለው ድልድዩ ነው፤ ውሃውን የሚያስተዳድረው ሕግ በተፋሰስ ሲያስብ ብክለቱን የሚቆጣጠረው ሕግ በየፋብሪካው በር ይቆማል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ችግሩ የጽንሰ ሐሳብ ሳይሆን የማስፈጸም ነው ይላል። ያለውን ደረጃ የጣሰ ፋብሪካ እያለ ስለ ጭነት መፈላሰፍ ምን ይረባል? ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። ነባር ፋብሪካዎች እንዲስተካከሉ የእፎይታ ጊዜ የሰጠው ደንብ ቁጥር 159/2001 ከወጣ ከዓመታት በኋላ ኮምቦልቻ ላይ የተገኘው ቁጥር የማስፈጸም ድክመትን በግልጽ ያሳያል። ይሁን እንጂ አፈጻጸሙ የሚደክመው ከመለኪያው የተነሣ ጭምር ነው። አዋጅ 300 ማንኛውም ሰው ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው አቤቱታ እንዲያቀርብ፣ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘም ፍርድ ቤት እንዲሄድ ይፈቅዳል። በ1990ዎቹ መጨረሻ አንድ የሲቪክ ማኅበር በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት ምክንያት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ከሶ ነበር፤ የፌዴራሉ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ክሱን ውድቅ አደረገው። የጨፋ ከብት አርቢም በሩ ተከፍቶለት ይሆናል፤ ነገር ግን ከብቶቹ የጠጡት ውሃ ውስጥ ያለው ብረት ከየትኛው ቱቦ እንደመጣ በምን ያስረዳል? ወንዙ በየጊዜው ተለክቶ ውጤቱ በይፋ ካልተነገረ፣ አቤት የማለት መብት ማስረጃ አልባ ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው። ኮምቦልቻ ሥራ ያስፈልጋታል፤ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ የብዙ ወጣት ተስፋ ነበር፣ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ከተማዋም ፋብሪካዎቿም ተዘርፈዋል። ቆሞ ለመሄድ በሚታገል ኢንዱስትሪ ላይ አዲስ ሸክም መጫን ጭካኔ አይሆንም? «መጀመሪያ እንደግ፣ በኋላ እናጽዳ» የሚለው አካሄድ በሌላው ዓለም ሠርቷል የሚሉም አሉ። መልሱ ያለው ከላይ በተለየው የበካይ ባሕርይ ውስጥ ነው። የቢራ ቅሪት በኋላ ሊጸዳ ይችላል፤ ደለል ውስጥ የገባን ክሮምየም ከአንድ ረግረግ ማውጣት ግን ዛሬ ማጣሪያ ከመትከል እጅግ የከበደ፣ አንዳንዴም የማይቻል ሥራ ነው። ያኔ ቅጣት መጣል ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ታስቦ መሠራቱ ማጣሪያን ከንድፉ ጀምሮ ማካተት በዚህችው አገር እንደሚቻል ያመለክታል። የፈረሰ ማሽን በሚጠገንበት ጊዜ ማጣሪያን አብሮ ማቀድ፣ ፋብሪካው ሥራ ከጀመረ በኋላ አቁሞ ከመትከል ይረክሳል። የጭነት ስሌት ለፋብሪካውም ፍትሐዊ ነው፤ ከተማውና ማሳው የጨመሩትን ሁሉ እሱ ብቻ እንዲሸከም አያደርገውም።

ሦስተኛው ተቃውሞ አቅም የለም የሚል ነው። የተባለው ሥራ ግን በያንዳንዱ ቱቦ ላይ ውድ መሣሪያ ማቆም አይጠይቅም። ከደሴ በታች፣ ለዮሌና ወርቃ ከመቀላቀላቸው በፊትና በኋላ፣ ጨፋ መግቢያ ላይ በጥቂት ቋሚ ነጥቦች በበጋና በክረምት የሚወሰድ የውሃና የደለል ናሙና ለመጀመር ይበቃል። ሕጋዊ መንገዱም አዲስ አዋጅ አይጠብቅም። አዋጅ 300 ክልሎች ከፌዴራሉ የላላ ሳይሆን የጠበቀ ደረጃ እንዲያወጡ ይፈቅዳል። ደሴም፣ ኮምቦልቻም፣ ጨፋም በአንድ ክልል ውስጥ ናቸው፤ ስለዚህ የአማራ ክልል ለቦርከና ብቻ የሚሠራ የጭነት ጣሪያ አውጥቶ፣ ለማዘጋጃ ቤቶቹና ለፋብሪካዎቹ እንደ ድርሻቸው ማከፋፈል፣ የየወቅቱንም ልኬት በአደባባይ መለጠፍ ይችላል። ያን ጊዜ ጨፋ ላይ ከብቱን የሚያጠጣ ሰው የወንዙን ቁጥር ይዞ አቤት ይላል፤ የተከሰሰው ፋብሪካ ወይም ማዘጋጃ ቤትም ድርሻውን አለማለፉን በዚያው ቁጥር ማስረዳት ይኖርበታል።