ጨረቃን ለሚቆጥር ሕዝብ ጨረቃን ማሳየት

ናሳ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በያመቱ፣ በሴፕቴምበር ወይም በኦክቶበር፣ ዓለም አቀፍ የጨረቃ መመልከቻ ምሽት ሲያስተባብር ቆይቷል። በኛም ከተሞች፣ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል፣ ሰማይ ማየት ለሚሻ በሩ ክፍት ነው። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1896 የተሠራ ቴሌስኮፕ አለው፤ በትምህርት ወራት ለሕዝብ ያሳይበታል። እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ ሕንፃ የገባው ቤል ሙዚየምም ፕላኔታሪየም አለው። ታዲያ የኛ ሰው የት አለ? ከሴዳር ሪቨርሳይድ ለሚነሳ ሰው እኮ ሚሲሲፒን በድልድይ መሻገር ብቻ ነው!

ወቀሳዬ ለሁለቱም ወገን ነው። አዘጋጆቹ የሚመርጡት ጨረቃ ግማሽ የምትሆንበትን ሰሞን ነው። ምክንያታቸው ትክክል ነው፤ በብርሃኑና በጨለማው ድንበር ላይ ጥላው ስለሚረዝም ተራራውም ጉድጓዱም ጎልቶ ይታያል። ሆኖም ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል። ድንጋይ አይተን፣ ተደንቀን እንመለሳለን። ሙስሊም ወገኖቻችን የሚፈልጓት ግን ሸዕባን በ29 ማታ፣ ፀሐይ እንደጠለቀች ለጥቂት ጊዜ ብቅ የምትለዋን ቀጭኗን ጨረቃ ነው። ረመዳን ነገ ይግባ ከነገ ወዲያ የሚለው ክርክር ሲነሳ፣ የሥነ ፈለክ አዋቂው ለምን አብሯቸው አይቆምም?

የኛ የክርስቲያኖቹ ደግሞ ይብሳል። ጨረቃን ሳናይ እንቆጥራለን። ባሕረ ሐሳብ 19 የፀሐይ ዓመትን ከ235 የጨረቃ ወር ጋር ያስታርቃል፤ አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 እንደሚሆኑ የቆሎ ተማሪ ያውቀዋል። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የባሕረ ሐሳብ መጽሐፋቸውን እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት እዚሁ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ነው።

አሁን ወደሚያስቆጣው ልግባ። የኛ 19 ዓመት ከ235ቱ እውነተኛ የጨረቃ ወሮች በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይበልጣል። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይሞላል። ስሌቱ ዕድሜው ከ1600 ዓመት በላይ ነውና፣ ዛሬ በአበቅቴ የምትገኘው ጨረቃ ሰማይ ላይ ካለችው 4 ወይም 5 ቀን ወደ ኋላ ቀርታለች። የሚጠራጠር ካለ፣ ስሌቱ 14ኛ ሌሊት በሚለው ቀን ቀና ብሎ ይመልከት፤ መጉደል የጀመረች ጨረቃ ያያል።

«የአባቶችን ሥራ ልታናንቅ ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። ከ1600 ዓመት በኋላ 5 ቀን ብቻ የሚስት ስሌት የሚናቅ ከሆነ፣ የሚከበረውን ያሳየኝ! ስሌቱ በዓላትን ለማስማማት እንጂ ጨረቃን ለመከታተል አይደለም የሚል መልስም አለ፤ ጥሩ መልስ ነው። ግን ማን ሰማው? እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ሳይንስ የፈረንጅ፣ አበቅቴ የሽማግሌ ነው እያሉ እያደጉ ነው።

እንግዲህ ለአዘጋጆቹ የማቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው። በሚቀጥለው ምሽት ቴሌስኮፑ አጠገብ ለአንድ መሪጌታ ጠረጴዛና ወንበር ይሰጠው። ልጆቹ መጀመሪያ ከሱ ጋር ይቁጠሩ፣ ከዚያ ቀና ብለው ይዩ፣ ልዩነቱንም ይጠይቁት። ቡናውን እኛ እናፈላለን።