ወደ የትኛው ቀን ይመለስ? የወሎ መንገድ ኤንትሬዎችና የአሮጌ መኪና እድሳት መስፈርት

እ.ኤ.አ. በ2014 ሲያትል ውስጥ በተካሄደ ጨረታ አንዲት የ1971 ሥሪት ፕላይማውዝ ሄሚ ኩዳ በ3.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች። በ1971 ሥሪት ከፋብሪካ የወጡት ተከፋች ጣሪያ ያላቸው ሄሚ ኩዳዎች ከአሥራ ሁለት አይበልጡም። ገዥው ይህን ያህል የከፈለው ለፍጥነት አይደለም፤ ዛሬ ከእሷ የሚፈጥን መኪና በየመንደሩ አለ። አሜሪካኖች ማስል ካር በሚሏቸው ባለ ስምንት ሲሊንደር መኪኖች ገበያ ዋጋ የሚቆርጠው ሌላ ጥያቄ ነው። ዛሬ የምናየው አካል ከፋብሪካ በወጣበት ቀን የነበረው ነው ወይ? የሞተሩ ቁጥር ከሻንሲው ጋር ይናበባል? ካምቢዮው የራሱ ነው? ቀለሙስ በትእዛዝ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ነው? ሞተሩ በሌላ ከተተካ፣ ምትኩ ከመጀመሪያው ቢሻል እንኳ፣ ዋጋው ይወርዳል።

ለዚያ ዕቃ ይህ መስፈርት ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ማስል ካር የአጭር ዘመን ልጅ ነው። መነሻውን የ1964 ሥሪት የሆነው ፖንቲያክ ጂቲኦ ነው ብንል፣ የአየር ብክለት ሕጉ፣ የኢንሹራንሱ ዋጋና እ.ኤ.አ. የ1973ቱ የነዳጅ ማዕቀብ ተደራርበው በአሥር ዓመት ውስጥ አከሰሙት። በወጣትነት ለደስታ የተገዛ፣ ቆይቶም ጋራዥ ውስጥ ሸራ ለብሶ የኖረ መኪና አብዛኛው ታሪኩ የተሠራበት ቀን ላይ ያርፋል። ክርክሬ የሚጀምረው ይህ መስፈርት ከአገሩ ወጥቶ የአሮጌ መኪና ሁሉ መለኪያ ሲሆን ነው። ፊቫ የተባለው ዓለም አቀፍ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን ለ«ታሪካዊ ተሽከርካሪ» ከሚያስቀምጣቸው መመዘኛዎች መካከል ዕድሜው 30 ዓመትና ከዚያ በላይ መሆኑ፣ ከታሪኩ ጋር በሚስማማ ሁኔታ መጠበቁና የዕለት ተዕለት መጓጓዣ አለመሆኑ ይገኙበታል። በሦስተኛው መመዘኛ ከሄድን የወሎዎቹ ደሴና ኮምቦልቻ የሚያስመዘግቡት ከባድ መኪና አይኖራቸውም። እዚያ አሮጌ መኪና ያረጀው ሲሠራ ነውና።

በወሎ መንገድ ላይ ስለ አሮጌ መኪና ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው ኤንትሬ ነው፤ የጣሊያኑ ፊያት 682 ኤን 3። የ682 ቤተሰብ እ.ኤ.አ. ከ1952 እስከ 1988 የተመረተ፣ ስድስት ሲሊንደሮቹ በአንድ መስመር የተደረደሩለት፣ ከ10 ሊትር በላይ የሆነ የናፍታ ሞተር ያለው ከባድ መኪና ነው። ጣሊያኖች ራሳቸው የአፍሪካ ንጉሥ እያሉ ያወድሱታል። ከእሱ በፊት ደግሞ ትሬንታ ኳትሮ የሚባለው ፊያት 634 ነበር፤ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራ፣ ከጣሊያን ወረራ ጋር የገባና ከጦርነቱ በኋላም ለረጅም ዘመን ጭነት የተሸከመ።

የእነዚህ መኪኖች ታሪክ ከመንገዱ ታሪክ ተለይቶ አይተረክም፤ የመንገዱ ታሪክ ደግሞ ንጹሕ አይደለም። የጣሊያን ጦር ደሴን የያዘው ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። የጦሩ አዛዥ ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ያንቀሳቀሰው፣ ከ1,500 በላይ ተሽከርካሪዎች የነበሩት ጦር ጣርማ በር ላይ መንገዱ ተንዶ ስለጠበቀው እስኪጠገን ቆሞ፣ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። ካሚዮን በብዛት ወደ ወሎ የገባው እንግዲህ እንደ ጦር መሣሪያ ነው። የጣርማ በሩ 587 ሜትር ዋሻና ከአሰብ ወደ ደሴ የሚወጣው መንገድ የተሠሩት በዚያው የወረራ ዘመን ለወረራው ዓላማ ነበር። በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ጦርና አርበኞች ኮምቦልቻንና ደሴን ሲያስለቅቁ መንገዱም ካሚዮኑም የባለቤት ለውጥ አደረጉ። የእኔ ፍላጎት የሚያርፈው ከዚህ የባለቤት ለውጥ በኋላ በመጣው ታሪክ ላይ ነው። ስቴፋኖ ቤሉቺና ማሲሞ ዛካሪያ ስለ አፍሪካ ቀንድ የመኪና መካኒኮች ባጠኑት ማኅበራዊ ታሪክ እንዳሳዩት፣ በጣሊያን ጋራዦች የተጀመረው ሙያ ወደ አገሬው እጅ አልፎ ራሱን የቻለ የሥራ ዓለም ሆኗል። ዛሬም መካኒኩ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ባሌስትራ፣ ቶርኖ፣ ፍሪሲዮን እያለ ሲሠራ የሚናገረው የራሱን የሙያ ቋንቋ ነው።

ኤንትሬን ኤንትሬ ያደረገው የአሰብ መስመር ነው። ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ፣ የአፋርን ሙቀት አቋርጦ፣ ሚሌን አልፎ በባቲ በኩል ኮምቦልቻ ይደርሳል፤ ከዚያም የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ይገባል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በመካከላቸው ያለው ርቀት ከ25 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ቱርቦ የሌለው የናፍታ ሞተር ይህን ሲወጣ ምን እንደሚገጥመው ማስላት ከባድ አይደለም። ደሴ ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው ከአምስት አንድ እጅ በላይ ይሳሳል፤ ጣርማ በር ላይ ከሩብ በላይ። አሰብ ላይ ልክ የነበረው የናፍታ መጠን ሽቅብ ሲወጣ ይበዛል፤ ያልተቃጠለው ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ ሞተሩም ይግላል፣ ጉልበቱም ይወርዳል። ፋብሪካው ቱሪን ላይ ያስተካከለው የናፍታ ፖምፓ ለዚህ መንገድ የተስተካከለ አልነበረም። የወሎ መካኒክ ፖምፓውን በጆሮና በጭሱ ቀለም ሲያስተካክል የሚሠራው እውነተኛ የምህንድስና ሥራ ነው፤ የመንገዱን ከፍታና የጭነቱን ክብደት አማካኝ ፈልጎ ሞተሩ ውስጥ ያስቀምጣል።

ቁልቁለቱ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ሐረጎን ሲወርዱ በፍሬን ብቻ የተማመነ ሹፌር የፍሬኑ ፌሮዲ ግሎ መያዝ ሲያቅተው ያየዋል። ልምድ ያለው ገና ከአፋፉ ማርሽ ቀንሶ መኪናውን ለሞተሩ ይሰጣል። ረዳቱ የጎማ ማገጃውን ታኮ ይዞ በሩ ላይ ይቆማል። በዚህ መንገድ ላይ የኖረ መኪና ፍሬኑም፣ ካምቢዮውም፣ ዲፈረንሻሌውም በተለየ አኳኋን ያልቃሉ፤ አበላላቸውን አይቶ መንገዱን ማንበብ ይቻላል። ለዚህ ነው የተበላ ዕቃ በአዲስ ተተክቶ ሲጣል የሚቆጨኝ። አንድ የተበላ የካምቢዮ ጥርስ ስለ ሐረጎ የሚናገረውን ያህል የሚናገር ጽሑፍ በመዝገብ ቤት አላገኘሁም።

አንትሮፖሎጂስቱ ኢጎር ኮፒቶፍ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው የታወቀ ጽሑፍ ዕቃዎች እንደ ሰው የሕይወት ታሪክ ሊጻፍላቸው እንደሚችል ሲከራከር፣ በምሳሌነት ያነሳው አፍሪካ ውስጥ ያለን መኪና ነበር። ገንዘቡ ከማን ከማን ተሰባስቦ ተገዛ፣ ማን ይሳፈርበታል፣ የትኛው ጋራዥ ይገባል፣ ባለቤቱና መካኒኩ ምን ዓይነት ዝምድና አላቸው ብሎ የሚጠይቅ ጥናት ስለ ኅብረተሰቡ ብዙ ያወጣል ይላል። ኩርት ቤክ በሱዳን የቤድፎርድ ካሚዮኖች ላይ ያደረገው ጥናት ይህን ሐሳብ ወደ ብየዳው፣ ወደ ሻንሲውና ወደ ባሌስትራው አወረደው። የናይል ባለሙያዎች የእንግሊዙን መኪና አጠናክረውና ለውጠው የራሳቸው አደረጉት፤ ለውጡ ራሱ ፈጠራ ነው። ሁለቱም ጽሑፎች ለወሎው ጉዳይ መንገድ ይከፍታሉ። ሆኖም አንዱም የማይመልሰው ጥያቄ አለ፤ እንዲህ ያለው መኪና ሥራ ሲያቆምና የሚያድሰው ሰው ሲመጣ፣ ወደ የትኛው ቀን ይመለስ?

የማስል ካሩን መስፈርት ብንከተል መልሱ አጭር ነው። ቀለሙ እስከ ላሜራው ይፋቃል፤ በአገር ውስጥ የተጨመሩት ባሌስትራዎች ይነሳሉ፤ እዚህ የተሠራው ስፖንዳ ወልቆ የፋብሪካው ዓይነት ይገጠማል፤ የተበየደው ሻንሲ ብየዳው እንዳይታይ ተደርጎ ይለሰናል። ከጋራዡ የሚወጣው የሚያምር መኪና ይሆናል፤ ግን ቱሪን ላይ በቆመበት ቀን የነበረው መኪና ነው። ያን ቀን አንድም ኩንታል አልጫነም፣ አንድም ዳገት አልወጣም። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ከአሰብ የተነሳው የእርዳታ እህል ወደ ወሎ የወጣው በከባድ መኪና ነው፤ የዚያ ዘመን አሻራ ሁሉ በስቱኮ ተሸፍኖ ይቀራል። በባትላሜራ ሙያ የተካነ ሰው እንዲህ ያለውን እድሳት አሳምሮ ሊሠራው መቻሉ ነገሩን የበለጠ ያሳዝነኛል፤ የሙያ ልጆቹ የአባቶቻቸውን ሥራ በገዛ እጃቸው ያጠፋሉና።

የቅርስ ጥበቃ ሳይንስ ራሱ ከዚህ የተሻለ መመሪያ አለው። ጂቲኦ ጎዳና በወጣበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1964፣ የጸደቀው የቬኒስ ቻርተር በአንድ ሐውልት ላይ የየዘመኑ ሰዎች የጨመሩት ተገቢ ሥራ ሁሉ ሊከበር እንደሚገባ፣ የእድሳት ግቡም ሁሉንም ወደ አንድ ዘመን መልክ ማምጣት እንዳልሆነ ደንግጓል። እድሳት ግምት በሚጀምርበት ቦታ መቆም እንዳለበትም ይናገራል። ፊቫም ቢሆን በቱሪኑ ቻርተር ለአገልግሎት ዘመን አሻራ ቦታ ሰጥቷል፤ ከራሱ የትርጉም መመዘኛ ይልቅ ቻርተሩ ለእኛ ይቀርባል። እንግዲህ የእኔ መልስ ይህ ነው፦ ኤንትሬ ሊመለስበት የሚገባው ቀን የመጨረሻው የሥራ ቀኑ ነው። ያ ቀን ከሱ በፊት ያሉትን ሁሉ ይዟል። ጋራዡ መኪናው እንዲንቀሳቀስ የሚያስፈልገውን ይጠግን፤ ካሚቻና ፋሻ ይቀይር፣ ኮሎውን አስፍቆ የወፈረ ብሮንዚን ይግጠም፤ ይህ በዕድሜው ሁሉ ሲደረግለት የኖረ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ብየዳ ከመነካቱ በፊት ፎቶ ይነሳ፤ የወጣው ዕቃ ስም ተጽፎበት ይቀመጥ፤ የቀለሙ ንብርብር ቢያንስ በአንድ በር ላይ ሳይፋቅ ይቆይ።

ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ ሁለት ጠንካራ ክርክሮች አሉ። የመጀመሪያው እነዚህ ለውጦች የችግር ውጤቶች እንጂ የምርጫ ሥራዎች አይደሉም የሚል ነው። መለዋወጫ ቢገኝ ኖሮ ቶርኖ ቤት የሚቀርጽ አይኖርም ነበር። እውነት ነው። ሆኖም ችግር ለምን እንደተሠራ ያስረዳል እንጂ እንዴት እንደተሠራ አያስረዳም፤ ያንኑ ችግር ይዞ አንዱ መካኒክ ያቆመውን መኪና ሌላው አስነስቶታል። ሁለተኛው ክርክር ይከብዳል። ከልክ በላይ ለመጫን የተጨመረ ባሌስትራ ሰው ገድሏል፤ ፍሬኑ የበጠሰ መኪና ገደል የገባባቸው ቤተሰቦች በሁለቱም ከተሞች አሉ። ስለዚህ ባሌስትራው በኤግዚቢሽን ሲቆም ማብራሪያው ይህንንም መናገር አለበት። ወደ ፋብሪካው መልክ የተመለሰ መኪና ግን ይህን መናገር ጨርሶ አይችልም፤ ማስረጃው ተነስቷልና።

የአሰብ መስመር በግንቦት 1990 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት ምክንያት ሲዘጋ ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ኤንትሬዎቹ ወዲያው አልጠፉም፤ አጭር መስመር እየሠሩ፣ ድንጋይና አሸዋ እየጫኑ እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ በአገሪቱ መንገዶች ላይ ታይተዋል። አሁን ግን ጊዜው ያጥራል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ ክልከላው በእነዚህ አሮጌ ከባድ መኪኖች ላይ በቀጥታ ባያርፍም የናፍታ መካኒክነት ወጣቱ የሚመርጠው ሙያ ሆኖ እንደማይቀጥል ይጠቁማል። የቆመ መኪና ደግሞ ለቁራሌ ብረት ነው፤ በኪሎ ይሸጣል።

ሕጉ አይከለክልም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የሚተረጉመው የሰው የፈጠራና የጉልበት ውጤት ሆኖ በሳይንስ፣ በታሪክ፣ በባህል፣ በሥነ ጥበብና በእደ ጥበብ ይዘቱ ከፍተኛ ዋጋ ያለው ብሎ ነው። አርባ ዓመት በእጅ የተጠገነ ካሚዮን በታሪክም በእደ ጥበብም ይገባበታል። የጎደለው እነዚህን መኪኖች የሚያጠናው ክፍል ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ የማኅበራዊ ሳይንስ ትምህርት፣ ኮምቦልቻ ላይ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው፤ አንዱ ያለ ሌላው ይህን ጥናት አይጨርሰውም። የታሪክ ተማሪው ብየዳ አያነብም፤ የመካኒካል ምህንድስና ተማሪው ቃለ መጠይቅ አልተማረም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴ ሙዚየም ከደረሰበት ዘረፋ በኋላ ደግሞ ዕቃን አንድ ቤት ሰብስቦ መቆለፍ ብቻውን ጥበቃ እንዳልሆነ ሁላችንም አይተናል፤ ቅጂው በብዙ ቦታ የተቀመጠ ሰነድ ያስፈልጋል። ኤንትሬ በሙዚየም ክፍል ውስጥም አይገባም፤ ሰው በሚሰበሰብበት በደሴው ሆጤ ስታዲየም ዙሪያ ሞተሩን አስነስቶ ለሕዝብ ማሳየት ይሻላል።

የሚቀድመው ግን ሹፌሮቹንና መካኒኮቹን ማግኘት ነው። በ1960ዎቹ (ዓ.ም.) ረዳት ሆነው የጀመሩት ዛሬ ወደ ሰባ ዓመት ተጠግተዋል ወይም አልፈውታል። ለእነሱ የሚቀርበው መጠይቅ ከ«ሕይወትዎን ይንገሩን» ባይጀምር እመርጣለሁ። ባቲን አልፈው ሽቅብ ሲጀምሩ ስንተኛ ማርሽ ላይ ነበሩ? ፖምፓውን የሚያስተካክለው ማን ነበር፣ ከአሰብ ሲነሱ ነው ወይስ ኮምቦልቻ ሲደርሱ? ሐረጎ ላይ ታኮ የሚጣለው የት ቦታ ነው? ባሌስትራ ስንት አስጨመሩ፣ ማን በየደው፣ ስንት ኩንታል ለመጫን?