ዝም ያለው ዐዋጅ ነጋሪ

ወንጌል መጥምቁ ዮሐንስን የሚያስተዋውቀን በድምፁ ነው፤ በምድረ በዳ የሚጮኽ ሰው። ሠዓሊው ካራቫጆ እ.ኤ.አ. በ1604 ገደማ የሣለው ዮሐንስ ግን አፉን ገጥሞ አንገቱን ደፍቷል። ዛሬ ካንሳስ ሲቲ በሚገኘው የኔልሰን አትኪንስ ሙዚየም ያለው ይህ የዘይት ቅብ ወደ 173 በ132 ሴንቲሜትር ነው፤ ሰውየው ሸራውን ሞልቶታል። በረሃውም በረሃ አይመስልም። ከኋላው ጨለማ የዋጠው ቅጠላ ቅጠል እንጂ አሸዋም አድማስም የለም።

ያልተሣለውን እንቁጠር። በግ የለም። አክሊለ ብርሃን የለም። እንደ ልማዱ ወደ በጉ የሚያመለክት ጣት፣ የላቲን ቃል የተጻፈበት ጥቅልል የለም። የቀረው ከወገቡ የታጠቀው የግመል ቆዳና የሸንበቆ መስቀል ነው። መስቀሉም ቢሆን ቀጭን ዘንግ ነው፤ ቶሎ ብሎ ላየው የእረኛ በትር ይመስላል።

ብዙ ተቺዎች ይህን ሥዕል «ትካዜ» ብለው ያልፉታል። ለእኔ ቃሉ አይበቃም። የተከዘ ሰው ሰውነቱ ይላላል፤ የዚህኛው ግን ወደ ፊት ያዘነበለ ነው። ከግራ በኩል ከላይ የወረደው ብርሃን ትከሻውንና ጉልበቱን አጥብቆ ሲይዝ ዓይኖቹን ለጥላ ትቷቸዋል። ተቀምጧል፣ ግን አላረፈም። ሊናገር ያለ፣ ቃሉ ገና ያልደረሰለት ሰው ዝምታ ነው የማየው።

ዓይኖቹ ላይ ትንሽ ልቆይ። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳዎቻችን ሥዕል ዓይኑ የሠለጠነ ሰው እዚህ መጀመሪያ ይከፋዋል። በእኛ ትውፊት ቅዱስ ሰው ሁለት ዓይኖቹን አፍጥጦ ፊት ለፊት ያየናል፤ በጎን ፊት፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው በአብዛኛው ክፉው ነው። ካራቫጆ የቅዱሱን ዓይኖች ሲሸፍን ከተመልካቹ ጋር የሚገናኝበትን በር ዘጋ። ዮሐንስ አያየንም፣ አይባርከንም፤ እኛ ነን ሳናስፈቅድ የምናየው።

በጨለማው ላይ የሚጮኸው ቀይ መጎናጸፊያው ነው። ከሰውነቱ የሚስተካከል ስፍራ ይዞ እጥፋቶቹ እንደ ወፍራም ብርድ ልብስ ይወርዳሉ። ቀዩ የሚመጣውን ሰማዕትነት ያመለክታል የሚለው ንባብ ትክክል ይመስለኛል፤ ሆኖም የሠዓሊው እጅ ከምልክቱ ይልቅ በጨርቁ ክብደት የተደሰተ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የትሬንት ጉባኤ በ1563 ቅዱሳት ሥዕሎች ምእመኑን በግልጽ እንዲያስተምሩ አዝዞ ነበር። ይህ ሥዕል ምን እንደሚያስተምር ለመናገር ግን ከፊቱ ቆሞ መዘግየት ይጠይቃል።

ያሠራው ኦታቪዮ ኮስታ ከሊጉሪያ መጥቶ ሮም የከበረ ባለ ባንክ ነበር፤ ካራቫጆ የሣላት፣ ሆሎፎርኒስን የምታርደው ዮዲትም የእርሱ ነበረች። ሥዕሉ የታሰበው ለቤተሰቡ ርስት ለኮንሼንቴ መንደር ጸሎት ቤት እንደሆነ ይታመናል። ወደ መንደሩ የሄደው ግን ቅጂው ነው፤ ዋናውን ባለጸጋው ለራሱ አስቀረ። ሥዕሉን አንዴ በቤቱ ካየው በኋላ መስጠቱ ቢከብደው አልፈርድበትም።

ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ካራቫጆ ለማቴይ ቤተሰብ የሣለው እርቃኑን የሆነ ልጅ አውራ በግ አቅፎ ይስቃል፤ ዮሐንስ ነው አይደለም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። ከሳቁ ወደዚህ ጥላ መሻገሩን በሠዓሊው ሕይወት ለመተርጎም የሚቸኩሉ አሉ። ግን ሰው የገደለው በ1606 ነው፣ ይህ ሥዕል ካለቀ በኋላ።

በ1610 ሲሞት አብረውት በጀልባ ከተጫኑት ሥዕሎች መካከል ዮሐንስ ነበረበት። ዛሬ በቦርጌዜ ቤተ መዘክር ያለው የመጨረሻው ዮሐንስ ቀዩ ጨርቅ አልተለየውም፤ ልጁ ግን ዝሎ ተቀምጧል። በጉም ተመልሷል፤ ፊቱን ከልጁ አዙሮ የወይን ቅጠል ይቀነጥባል።