«ንጹሕ ዘር» ማለት ምን ማለት ነው? ስለ ውሻ አርቢዎች ቋንቋ የቀረበ አጭር ሒስ

ማንኛውም ሙያ የራሱ ቋንቋ አለው። አንጥረኛውም፥ ሸማኔውም፥ ሐኪሙም በሥራው ላይ ሳለ የሚናገረውን ሌላው ሰው ቶሎ አይረዳውም፤ ይህም ነውር አይደለም። ነውር የሚሆነው ቃሉ ነገሩን በመግለጽ ፈንታ ለመሸፈን ሲያገለግል ነው። በዚህ ጽሑፍ የምመረምረው ውሻን በዘር እየለዩ የሚያረቡና በውድድር አደባባይ የሚያሳዩ ሰዎች የሚነጋገሩበትን ቋንቋ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ታሪኩ ሩቅ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ስመ ጥር የሆነው የመጀመሪያው የውሾች ውድድር በ1859 ዓ.ም. በኒውካስል ከተማ ተደረገ። በ1873 ዓ.ም. ደግሞ ከነል ክለብ የተባለው ማኅበር በሎንዶን ተቋቋመና የእያንዳንዱን ውሻ አባትና እናት በመዝገብ ማስፈር ጀመረ። ከዚያ ወዲህ አንድ ውሻ «ንጹሕ ዘር» ነው ማለት ወላጆቹ በመዝገቡ ተጽፈዋል ማለት ሆነ። ቃሉ ስለ ውሻው ጤና ወይም ጠባይ የሚናገር ይመስላል፤ በእውነቱ ግን የሚናገረው ስለ ወረቀቱ ነው።

ፍርዴ ሚዛናዊ እንዲሆን አስቀድሜ መልካሙን ልናገር። የአርቢዎቹ ቋንቋ ዐይን የሚያየውን ለመሰየም እጅግ የበለጸገ ነው። የጆሮ አቀማመጥ፥ የጅራት አጣጣፍ፥ የአረማመድ ዐይነት ሁሉ ለየራሱ ስም አለው። እኛም ስለ ፈረስ ስንነጋገር ዳማ፥ ቦራ፥ ቡላ እያልን በአንድ ቃል መልኩን እንደምናስታውቅ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ቃል የሚነቅፍ የለም። ክርክሬ ከሌሎች ሦስት ቃላት ጋር ነው፤ እነርሱም መግለጫ መስለው ፍርድ የሚሰጡ ናቸው።

የመጀመሪያው «ጉድለት» የሚለው ነው። በውድድር ቋንቋ ጉድለት ማለት በሽታ ሳይሆን በጽሑፍ ከሰፈረው መለኪያ መራቅ ነው። ሮዴሽያን ሪጅባክ የሚባለውን የደቡብ አፍሪካ አደን ውሻ እንመልከት። መለኪያው የተረቀቀው በ1922 ዓ.ም. በቡላዋዮ ሲሆን፥ የዘሩ ምልክት በጀርባው ላይ ተገልብጦ ወደ ፊት የሚበቅለው ፀጉር ነው። ይህ ምልክት ሳይኖረው የተወለደ ቡችላ ጉድለት አለበት ይባላል። ነገር ግን በ2007 ዓ.ም. የታተመ ምርምር ይህን ፀጉር የሚያስገኘው የዘር ለውጥ ከቆዳ ወደ አከርካሪ አጥንት ዘልቆ የሚመረቅዝ ቀዳዳ ለሚያመጣ ሕመም እንደሚያጋልጥ አስረዳ። እንግዲህ ጐደሎ የተባለው ለሕመሙ የማይጋለጠው፥ ፍጹም የተባለው ደግሞ የሚጋለጠው ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። በ2008 ዓ.ም. ቢቢሲ ባሳየው ፊልም አንዳንድ አርቢዎች ምልክት የሌላቸውን ጤነኛ ቡችሎች ይገድሉ እንደ ነበር ሲገለጥ ብዙ ሕዝብ ተቈጣ። ቃል ብቻውን አይገድልም፤ ለገዳዩ ግን ምክንያት ይሰጠዋል።

ሁለተኛው «ንጹሕ» የሚለው ራሱ ነው። በነጭ ገላው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ዳልሜሽን በሽንቱ ውስጥ ብዙ ዩሪክ አሲድ ስለሚያወጣ በፊኛው ጠጠር ሊበጅበት ይችላል። ይህን የሚያመጣው እንከን በንጹሖቹ ዳልሜሽኖች ሁሉ ዘንድ ከአባትም ከእናትም በኩል ስለሚገኝ፥ እርስ በርሳቸው በማራባት ሊወገድ አይችልም። ሮበርት ሻይብል የተባለው የዘር ሊቅ በ1973 ዓ.ም. አንድ ዳልሜሽን ከፖይንተር ውሻ ጋር አዳቀለና ልጆቹን መልሶ ከዳልሜሽን ጋር እያራባ ጤናማ ተወላጆች አገኘ። በ1981 ዓ.ም. የአሜሪካ ከነል ክለብ ሁለቱን ቢመዘግብም የዘሩ ወዳጆች ስለ ተቃወሙ ምዝገባው ቆመ። በሩ እንደ ገና የተከፈተው በ2011 ዓ.ም. ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መድኀኒቱ በእጅ እያለ የከለከለው ሌላ ምንም ሳይሆን «ንጹሕ» የሚለው ስም ነው።

በዚህ ረገድ የገዛ ቋንቋችን ጥሩ ትምህርት ይሰጠናል። «ዲቃላ» ሰውን ለመስደብ የዋለ ክፉ ቃል ነው። ነገር ግን ከዚያው ሥር የወጣውን «ድቅል» የሚለውን ቃል ገበሬው ስለ በቆሎ ዘር ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ ምርቱ የተሻለ መሆኑን ያውቃልና። አንዱ ሥር በአንድ አፍ ስድብ፥ በሌላው ምስጋና ከሆነ፥ ፍርዱ ያለው በነገሩ ሳይሆን በተናጋሪው ዘንድ መሆኑ ግልጽ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ ይልቅ አታላዩ ቃል «የመስመር እርባታ» የሚለው ነው። ወንድምና እኅትን ማገናኘት «የዘመድ እርባታ» ይባላል፤ አርቢዎቹም ይህን ስም አይወዱትም። አያትን ከልጅ ልጅ ማገናኘት ግን «የመስመር እርባታ» ተብሎ በኩራት ይነገራል። ሲወል ራይት በ1922 ዓ.ም. ባወጣው ስሌት ብንለካው የመጀመሪያው 25 በመቶ፥ ሁለተኛው 12.5 በመቶ ይሆናል። የአጎት ልጆች እንኳ 6.25 በመቶ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ልዩነቱ የመጠን እንጂ የዐይነት አይደለም። ከነል ክለብ በ2009 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ ወላጅን ከልጅ፥ ወንድምን ከእኅት በማገናኘት የተወለዱትን ላለመመዝገብ ወሰነ፤ አያትና የልጅ ልጅን ግን ያ ደንብ አልነካቸውም።

በአገራችን ልማድ ሽማግሌዎች ጋብቻ ከመፈጸሙ በፊት እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዘር ይቈጥራሉ። ውሻ አርቢውም የትውልድ ሐረግ ይዞ ይቈጥራል። ዳሩ ግን ሽማግሌው የሚቈጥረው ዘመድ ከዘመድ እንዳይገናኝ ሲሆን፥ አርቢው ብዙ ጊዜ የሚቈጥረው እንዲገናኝ ነው። ቈጠራው አንድ ሆኖ ሳለ ዓላማው ተቃራኒ ነው።

አንዳንዱ ሰው ምናልባት፦ «ዘመድን ሳያገናኙ የታወቀ መልክና የታወቀ ጠባይ ያለው ውሻ ከየት ይገኛል?» ብሎ ይጠይቀኝ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በግ የሚጠብቀውም ሆነ ዐይነ ስውርን የሚመራው ውሻ ጠባዩ አስቀድሞ እንዲታወቅ ዘሩ መመረጡ ይጠቅማል። እኔም ሥራው ሁሉ ይቅር አላልሁም፤ የምለው ሥራው በስሙ ይጠራ ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ውሻው ስለ ሆነና እርሱም መናገር ስለማይችል፥ ስለ እርሱ የሚነገረው ቃል እውነተኛ መሆን ይገባዋል።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በከተማችን የውጭ ዘር ቡችላ የሚሸጥ ሰው «ኦርጂናል ነው» ሲል ይሰማል። ቃሉን ወደ አማርኛ የምንመልስ ሰዎች «ንጹሕ» በማለት ፈንታ «የተመዘገበ»፥ «የመስመር እርባታ» በማለት ፈንታ «ዘመድን ከዘመድ ማራባት» ብንል ገዢው የሚገዛውን ያውቃል። ገዢውም በበኩሉ ስለ ወረቀቱ ከመጠየቁ በፊት ከአያቶቻችን የተማረውን አንድ ጥያቄ ያቅርብ፦ በአባቱና በእናቱ መካከል ስንት ቤት ይቈጠራል?